የአካሉ የመጨረሻ ልኬት

ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሻለም ለባሏ ለመካኒኩ አካሉ ምሳ ይዛ ወደ ጋራዡ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። አካሉ በትልቁ ሞተር ሳይክል ቀኝ ጎን በደረቱ ተደፍቷል። እጁ የብሎን መፍቻውን እንደጨበጠ ነበር። አናቱ ተከፍቶ፣ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ከፈሰሰው ዘይት ጋር ተቀላቅሏል። አጠገቡ፣ ራሱ ከሞተሩ የፈታው አሮጌ የብረት መሪ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል። ሳህኑ ከእጇ አመለጠ። ጩኸቷ እስከ መናኸሪያው ተሰማ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሁሉ ገዳዩን አውቄዋለሁ አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባህሩ የሚባለው አስጎብኚ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «አናትህን ነው የምከፍለው!» እያለ አካሉ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የየሻለም ወንድም አስናቀው ይህን እንደሰማ ባህሩን መናኸሪያው አጠገብ አገኘው። መጀመሪያ በቡጢ፣ ከወደቀ በኋላ በድንጋይ መታው። መንጋጋውን ሰበረው፤ ግራ ዓይኑን አጠፋው፤ ከበው የሚያዩት ሰዎች «ጨርሰው!» ይሉ ነበር። የከተማው ፖሊስ ሳጅን ውበቱ ወደ ሰማይ ተኩሶ ባያስቆማቸው ኖሮ በዚያ ቀን ሁለት ሬሳ ይነሳ ነበር።

ኢንስፔክተር ሩቂያ ዓርብ ጠዋት ከደሴ ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከእሱ የወረሰችውን የጨርቅ ሜትር ከሽጉጧ ጋር በአንድ ቦርሳ ትይዛለች።

«ሞተሩን ማን ነካው?» አለች ጋራዡ ውስጥ እንደቆመች።

«ማንም አልነካውም። ከሬሳው በቀር ሁሉም እንዳለ ነው» አለ ሳጅን ውበቱ።

«የማን ነው?»

«የሦስት ሰዎች ማኅበር ነው። ባህሩ፣ አራጌና ደብረወርቅ ይባላሉ። ድሮ የትምህርት ቤታችን የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሦስቱም ሲያዩዋቸው እንደ ግንድ ረጃጅም ናቸው። ከአዲስ አበባ በሞተር የሚመጡ እንግዶችን ወደ አምባ መቅደላና ወደ ዓባይ በረሃ ይወስዳሉ። ይህን ከፊት የሚሄደው እንዲነዳው ብለው ገዙት።»

«አካሉ ምን እያደረገበት ነበር?»

«እያስተካከለው ነበር። ሞተር ሲሠራ ለመካከለኛ ሰው ነው የሚሠራው፤ ረጅም ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ ሆዱ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ድንጋያማ መንገድ ላይ ቆሞ ልንዳ ካለ ደግሞ መሪው ጭኑ ላይ ይቀራል፤ ወገቡ ይቆረጣል። አካሉ መሪውን ከፍ ያደርጋል፣ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ይጨምራል፣ የእግር መርገጫውን ዝቅ ያደርጋል። ሰውየውን አስቀምጦ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ለክቶ ነው።»

ሩቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ወዲያው ተንበርክካ ሞተሩን ታይ ጀመር። ደሙ የነዳጅ ታንኩን፣ ከሥሩ ያለውን ብረት፣ የኋላ ጎማውን ሳይቀር ረጭቶታል። መቀመጫው ላይ ግን ጠብታ አልነበረም። የቀኙ እግር መርገጫ ጎኑና ሥሩ በደም ተሸፍኖ ላዩ ንጹሕ ነው።

«ብሎኖቹ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው። አካሉ አንዱን ብሎን አጥብቆ ከጨረሰ ቀይ ያደርግበታል። ቀይ የሌለው ብሎን ካለ ሞተሩ ከዚህ በር አይወጣም።»

ሜትሯን አውጥታ ከመቀመጫው እስከ መርገጫዎቹ ለካች። በግራ ሃምሳ አራት ሳንቲም፣ በቀኝ ሃምሳ ዘጠኝ።

«እንዳልጨረሰው ያስታውቃል፤ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም» አለ ሳጅኑ።

ሩቂያ የሁለቱንም መርገጫ ብሎኖች አንድ በአንድ እያየች በማስታወሻዋ ጻፈች። ከዚያ ግድግዳውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

የለቅሶው ድንኳን ሙሉ ነበር። አንድ ረጅም፣ ፊቱ የደከመ ሰው ቆሞ ሰው ያስተናግዳል። ሩቂያ የሻለምን ወደ ጓዳ ገለል አደረገቻት።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ።»

«አሜን።»

«አላስቸግርሽም። ይህን የጋራዡን ግድግዳ እይልኝ፤ የጎደለ ነገር አለ?»

የሻለም ፎቶውን ብዙ ሳታይ ጣቷን አሳረፈችበት። «ይኸ ሚስማር ባዶ ነው። ላስቲኩ የለም።»

«የምን ላስቲክ?»

«ልጄን የገደላት ሞተር ላስቲክ።»

የሻለም እንባዋ ደርቆ ነበርና እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነገረቻት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ ጉሙ ምድሩን ሸፍኖት፣ የዘጠኝ ዓመቷ እድላዊት በአቀስታው መንገድ ከፈተና ስትመለስ ሞተር ገጫት። ነጂው አብሮ ወድቋል፤ በቀኝ በኩል የተፋቀው ድንጋይ ላይ ደሙ ነበር። ተነስቶ ሞተሩን አቅንቶ ሄደ።

«አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ተኝታለች» አለች የሻለም። «ያኔውኑ አንስቷት ቢሆን ትተርፍ ነበር አሉን። የቀረው ከቀኙ መርገጫው የወለቀ ላስቲክ ብቻ ነው። አካሉ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ የገባለትን ሞተር ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀኝ መርገጫውን ነበር።»

«የሚጠረጥረው ሰው ነበር?»

«ማንን ይጠርጥር? ሁሉም አብሮን ያለቅሳል። ያ የሚያስተናግደውን አይተሽዋል? ጋሼ ደብረወርቅ ነው። ያኔ ደሴ ሥልጠና ላይ ስለነበር ለቀብሯ አልደረሰም እንጂ፣ ለአርባዋ መጥቶ ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። አሁንም ከትናንት ጀምሮ ቁጭ አላለም።»

ከድንኳኑ ስትወጣ አስናቀው በሩ ላይ ጠበቃት። ጣቶቹ አብጠዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ምን ይመረመራል? ውሻው ሆስፒታል ተኝቷል።»

«የተኛው ሰው ነው» አለችውና አለፈች። «ከከተማ እንዳትወጣ።»

አራጌን ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ቢሮ ውስጥ አገኘችው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ግድግዳ መታሁ።»

«ለምን?»

«ባህሩን ሲቀጠቅጡት ደረስኩ፤ ሰዉ አላሳልፍ አለኝ። ላስጥለው አልቻልኩም። ተመልሼ መጥቼ ይህን መታሁ።» ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀውን ልስን አሳያት። «ወላሂ ባህሩ አልገደለም። አፉ ነው እንጂ እጁ ሰው ላይ አይነሳም።»

«በማኅበሩ ውስጥ ጠብ ነበር?»

«ረቡዕ ተጨቃጭቀናል። ቅዳሜ ወደ መቅደላ የሚሄዱ እንግዶች አሉን። ባህሩ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ አለ። ደብረወርቅ ደግሞ ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ አለ። እኔ ሁለቱንም ሰድቤ ወጣሁ።»

«ሐሙስ ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ ብቻዬን።»

ሆስፒታሉ ውስጥ የባህሩ እግር ከአልጋው ጫፍ ወጥቶ አየር ላይ ነበር። ፊቱ አብጦ ቅርፁ ጠፍቷል፤ አፉ ታስሯል። ሩቂያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው።

«አብሽር፣ አትቸኩል። ሐሙስ ጠዋት አካሉን ለምን አስፈራራኸው?»

ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ፦ «ልኬቴን ውሰድ አልኩት። ላንተ አይደለም የማበጀው፣ ሌላ ሰው ይመጣል አለኝ።»

«ማን ይመጣል አለ?»

«አልነገረኝም። ተናድጄ ከከተማ ወጥቼ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድኩ። ሰው አላየኝም።» ከዚያ ጨመረበት፦ «አካሉ ወዳጄ ነበር።»

ሩቂያ ሜትሯን አውጥታ የተኛውን ሰው ከዳሌው እስከ ተረከዙ በሁለቱም እግሩ ለካችው። ነርሷ በመገረም ታያት ነበር። ከዚያ ባህሩ ቤት ሄዳ፣ አካሉ አምና ያስተካከለለትን አሮጌ ሞተር ለካች። በግራም በቀኝም ስልሳ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደብረወርቅ ቤት ገባች። ከለቅሶው ለአፍታ መጥቶ ነው። ወንበር ሰጥቷት እሱም ተቀመጠ፤ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ።

«እንደምን አደሩ አቶ ደብረወርቅ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን አዳር አለ ብለሽ ነው።»

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የእንግዶቹን ስም ዝርዝር እያዘጋጀሁ።»

«ጋራዡ አልሄዱም?»

«ከሄድኩ ሳምንት አልፎኛል።»

ሩቂያ ማስታወሻዋን ስትገልጥ ሜትሯ ከጭኗ ተንሸራቶ ወደቀ። ደብረወርቅ ጨዋ ሰው ነውና ቶሎ ተነሳ። ግራ ጉልበቱን አጥፎ፣ ቀኙን እንደ እንጨት ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ አነሳላት።

«እግርዎን ያምዎታል?»

«የቆየ ነገር ነው። ሳይንት ስሄድ በቅሎ ጥላኝ።»

«ሞተር ነበረዎት?»

«ነበረኝ፤ ሸጥኩት።»

«መቼ?»

«ቆይቷል» አለና ሰዓቱን አየ። «ድንኳኑ ውስጥ ይጠብቁኛል።»

ሩቂያ ከዚያ በቀጥታ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ ሠራተኛውን ከቤቱ አስጠራችው። የስም ዝውውሩን መዝገብ አይታ ወረኢሉ ስልክ ደወለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የወረኢሉ ፖሊስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በአውቶቡስ ይዞላት መጣ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሻለም ጥቁር ለብሳ በሳጥን ላይ ተቀምጣለች። አስናቀው ከኋላዋ ቆሟል። አራጌ ግድግዳው ጋ፣ ደብረወርቅ በሩ አጠገብ፣ ሳጅን ውበቱ ደግሞ በሩ ላይ ነበሩ። ሲሚንቶው ታጥቧል፤ የደሙ ጥላ ግን አልለቀቀም።

«አካሉ እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ» አለች ሩቂያ። «አናቱን ሦስቴ ነው የተመታው፤ ሐኪሙ እንደሚለው ተንበርክኮ እያለ፣ ከላይ። ደሙ ሞተሩን ሁሉ ረጨው፤ መቀመጫውን ግን አልነካውም። የቀኙንም መርገጫ ጎኑን አልብሶ ላዩን ተወው። ለምን?»

«የሆነ ነገር ሸፍኖት ነበር» አለ አራጌ።

«ሰው ነው የሸፈነው። ገዳዩ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ ጫማውን መርገጫው ላይ አድርጎ ነበር። የተፈታው መሪ ታንኩ ላይ፣ እጁ ሥር ነበረ። አካሉ ገዳዩን እየለካ ነበር ማለት ነው።»

«እና ባህሩ አይደለም? ሞተሩን እሱ ነው የሚነዳው!» አለ አስናቀው።

«ባህሩ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ሦስት ሳንቲም ነው የቀረው። የሱ ልኬት ስልሳ በስልሳ ነው፤ ይህኛው በግራ ሃምሳ አራት ነው። ባህሩ ይህን ቢነዳው መቅደላ ሳይደርስ ጉልበቱ ይዝል ነበር። አካሉም ጠዋት 'ላንተ አይደለም፣ ሌላ ሰው ይመጣል' ብሎታል።»

ሩቂያ ወደ ሞተሩ ተጠግታ ብሎኖቹን በጣቷ አሳየች።

«ሳጅን ውበቱ ሥራው አላለቀም መሰለው። እኔም ለጥቂት ጊዜ መስሎኝ ነበር። ግን የሁለቱም መርገጫ ብሎኖች ቀይ ነጥብ አለባቸው። አካሉ ጨርሷል። አንድ ጠንቃቃ ሰው ቀኙን ከግራው በአምስት ሳንቲም ዝቅ አድርጎ ልክ ነው ካለ፣ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። አራጌ፣ እስቲ ተቀመጥ።»

አራጌ ተቀመጠ። ግራ እግሩ በደንብ አረፈ፤ ቀኙ መርገጫውን ለመንካት ጣቱን መዘርጋት ነበረበት። «ይኸ የሰንካላ ሞተር ነው» አለ። ያለው ነገር ገብቶት ቀስ ብሎ ወረደና ደብረወርቅን አየው።

«አቶ ደብረወርቅ፣ እርስዎ።»

«እኔ ለምን እቀመጣለሁ? ይኸ ጨዋታ ነው እንዴ?»

«ይቀመጡ።»

የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሊያሸሽ ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። ጫማው ራሱ ቦታውን ያወቀ ይመስል መርገጫው ላይ ዐረፈ። ግራውም እንዲሁ። እጆቹ መሪው ላይ ደረሱ፤ ጀርባው ቀና አለ።

«በቅሎ ነው የጣለኝ» አለ።

«ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ላስቲክ ለምን ጠፋ ብዬ ስጠይቅ ቆየሁ» አለች ሩቂያ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ለሌላ ሌባ አምስት ሳንቲም አያወጣም። የሚጠቅመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እድላዊት በሞተች በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወረኢሉ ውስጥ አንድ ሞተር ተሸጧል። ሻጩ እርስዎ ነዎት። ገዢው ቀኙ መርገጫ ተጣሞ፣ ላስቲክ የሌለው ሆኖ ስላገኘው ለወጠው። አሮጌውን ግን አልጣለውም።»

ጨርቁን ፈታች። የተጣመመው ብረት የሻለም እግር አጠገብ ተቀመጠ።

ደብረወርቅ ከሞተሩ ዘሎ ወረደና ከጠረጴዛው ላይ መዶሻ አነሳ። ሳጅን ውበቱ ሊይዘው ሲጠጋ ትከሻውን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው ምት ወደ ሩቂያ ነበር። ጎንበስ አለችና ሽጉጧን ሳታወጣ በጫማዋ ጫፍ ያንን የማይታጠፍ ጉልበት በሙሉ ኃይሏ መታችው። ጮኾ ወደቀ። አራጌ ከላዩ ወደቀበት፤ በታሰረው እጁ ፊቱን ደጋግሞ መታው፤ ፋሻው ቀላ።

አስናቀው ከወገቡ ጩቤ መዞ መጣ። የሻለም ከሳጥኑ ተነስታ በመካከላቸው ቆመች።

«ዞር በይ!»

«አንተ በቃህ!» አለችው። «ያላጠፋ ሰው ዓይን አጥፍተሃል። ደግሞ በኔ ስም ሌላ ደም አታፈስም።»

ጩቤው ከእጁ ወደቀ። ሩቂያ ደብረወርቅን በካቴና ካሰረች በኋላ ሁለተኛውን ካቴና አውጥታ ወደ አስናቀው ሄደች። እጆቹን ያለ ቃል ዘረጋላት።

ደብረወርቅ ሲሚንቶው ላይ እንደተቀመጠ ደም እየተፋ ተናገረ፤ ማንም አልጠየቀውም።

«ለኔ አስተካክለው፣ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ አልኩት። አስቀመጠኝ። ቀኙ አልመች ሲለኝ ዝቅ አደረገው። 'አሁንስ?' አለኝ፤ 'ተመቸኝ' አልኩት። ቀለሙን ቀባ። ከዚያ 'ጉልበትህን መቼ ነው የሰበርከው?' አለኝ። በቅሎ ነች አልኩት። 'በየትኛው ወር?' አለ። ዝም አልኩ። ሄዶ ላስቲኩን አወረደና መጥቶ ጫማዬ ሥር ተንበረከከ። መፍቻውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። 'ልጄ ትጣራ ነበር?' አለኝ።»

የሻለም ወደ እሱ ዞረች።

«ትጣራ ነበር» አለ ደብረወርቅ። «እሱን ልነግረው አልቻልኩም። ቀና ብሎ ሲያየኝ መቋቋም አልቻልኩም። አንገቱን ወደ ላስቲኩ ሲደፋ መታሁት።»

ውጭ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ገብተው ሁለቱን እስረኞች ይዘው ወጡ። ሳጅኑን ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ አራጌም ደግፎት አብሮ ሄደ። የሻለምና ሩቂያ ብቻቸውን ቀሩ። የሻለም የተጣመመውን ብረት አንስታ ብዙ ጊዜ ያዘችው።

«አካሉ» አለች በመጨረሻ፣ «ሳይሞት በፊት አወቀ ማለት ነው?»

«አወቀ እህቴ።»

የሻለም ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው እዚያ ሲደርስ ለእድላዊት ነግሯታል» አለች።

ብረቱን ለኢንስፔክተሯ መለሰችላት። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና ባህሩ የተኛበትን ክፍል ቁጥር ጠየቀቻት።